በኬሞቴራፒ ወቅት የሚከሰት ድካም፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚኖሩ የካንሰር ሕሙማን የአያያዝ መንገዶች

ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ሲያቅለሸልሸው ይናገራል፤ ጠጉሩ ሲረግፍ ሌላው ያይለታል፤ ትኩሳት ሲነሣበት ቤተሰቡ ወደ ሐኪም ይዞት ይሄዳል። ድካም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገርም ሳይጠየቅም ይቀራል። ታካሚው የሕክምናው አይቀሬ ዋጋ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ባለሙያውም በአንድ የመድኃኒት ማዘዣ የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ያልፈዋል። ይሁንና ኬሞቴራፒ ከሚወስዱ ሕሙማን አብዛኞቹ በሕክምናው አንድ ወቅት ላይ ይህን ድካም እንደሚያዩት፣ ለብዙዎቹም ከሕመም ስሜትና ከማቅለሽለሽ ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን የሚያውከው እርሱ እንደሆነ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጉዳቱም በኑሮ ላይ ብቻ አይወሰንም። ከአልጋው ለመነሣት አቅም ያጣ ሰው ቀጠሮውን ያዛንፋል፤ ቀጠሮ ሲዛነፍ የመድኃኒቱ ዑደት ይሰበራል፤ ለመዳን ተብሎ በሚሰጥ ሕክምና ደግሞ የዑደት መሰበር የመዳንን ዕድል ይነካል።

ይህ ድካም ከጤነኛ ሰው ድካም የሚለየው ከተሠራው ሥራ ጋር ስለማይመጣጠንና በእንቅልፍ ስለማይወጣ ነው። አካልን ብቻ ሳይሆን ስሜትንና ማሰብን ጭምር ያዝላል። መንስኤውም አንድ አይደለም። ዕጢውና መድኃኒቱ የሚቀሰቅሷቸው ሳይቶካይን የተባሉ የብግነት መልእክተኞች፣ የተዛባ የእንቅልፍና የሆርሞን ሥርዓት፣ የደም ማነስ፣ የምግብ እጥረት፣ ድብርት፣ ከረጅም ጊዜ መተኛት የሚመጣ የጡንቻ መሟሸሽ አብረው ይሠራሉ። የመጨረሻው በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ምክንያቱም ለድካም ተብሎ የሚታዘዘው ዕረፍት ራሱ ድካምን የሚወልድበት በር እርሱ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ77,000 በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር እንደተያዙና ወደ 52,000 የሚጠጉ እንደሞቱ ግሎቦካን የተባለው ዓለም አቀፍ ግምት ያመለክታል። በሴቶች ዘንድ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከባሕር ዳር የሚነሣ ሕመምተኛም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የተዘረጋው ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አገልግሎቱን ወደ ክልል ሆስፒታሎች ለማውረድ ተነሣ። ዛሬ ኬሞቴራፒ ከጣና በስተሰሜን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በስተደቡብ ዳርቻው ደግሞ በባሕር ዳር ይሰጣል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም መድኃኒቱን በደም ሥሩ ወስዶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስ ታካሚ ድካሙን የሚያሳልፈው በነርሷ ዓይን ሥር ሳይሆን በመንደሩ ነው፤ በባሕር ዳር ቀበሌዎች፣ በዘጌ የቡና ጥላ ሥር፣ በፎገራ የሩዝ ማሳ አጠገብ፣ ወይም በጀልባ በሚደረስበት በደቅ ደሴት።

ቃሉና ጥያቄው

የድካም አያያዝ የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው፤ መጠየቅ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማርኛ «ድካም» ሰፊ ቃል ነው። ልፋት ማለት ይሆናል፤ «የድካሙን ዋጋ አገኘ» ሲባል ምስጋና አለበት። በመንፈሳዊ ንግግር የሰው ልጅ ስሕተትና በደል ማለት ይሆናል። በሕመምተኛ ላይ ሲነገር ግን ከሁሉ የከበደ ትርጉም ይይዛል፤ «በጣም ደክማለች» የተባለች ሕመምተኛ ተስፋዋ የተመነመነ፣ የሩቅ ዘመድ ሊጠራላት የሚገባ ናት። ስለዚህ ታካሚዋ «ደክሞኛል» ከማለት ብትቆጠብ አያስገርምም። ቃሉ ምልክትን ከመግለጽ ይልቅ ፍርድን መቀበል ይመስላል።

ሌላው መሰናክል ሰላምታው ነው። ነርሷ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ስትል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ይህ ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና እንጂ የጤና ሪፖርት አይደለም፤ በካርዱ ላይ «ቅሬታ የለም» ተብሎ ሲመዘገብ ግን ሪፖርት ይሆናል። ሰዎች ስሜታቸውን የሚገልጹባቸው ሌሎች አባባሎች የበለጠ መረጃ ይይዛሉ። «ሰውነቴ ዛለ» እና «ጉልበቴ ከዳኝ» ወደ ጡንቻ፣ «ታከተኝ» እና «ሁሉ ነገር አስጠላኝ» ወደ መንፈስ ያመለክታሉ። «ልቤን ደከመኝ» የሚለው አባባል ደግሞ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ብዙ ጊዜ የረኃብ ወይም የመዝለፍለፍ ስሜት ነው፤ ነገር ግን ለጡት ካንሰር በስፋት የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ስለሆነ፣ ይህን ያለች ታካሚ እግሯ ማበጡንና ጋደም ስትል ትንፋሽ ማጠሩን መጠየቅ ግድ ነው። በአማርኛ የልብ ሥራ መዳከም «የልብ ድካም» መባሉ እዚህ ላይ ያደናግራል፤ ጥንቃቄንም ያስተምራል።

በመስኩ የታወቀው የአሜሪካው ኤን ሲ ሲ ኤን መመሪያ ታካሚው ድካሙን ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን ይመክራል፤ ከ1 እስከ 3 ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 10 ከባድ ነው፤ ከ4 ጀምሮ ምርመራ ይከተላል። ቁጥር ላልለመደ ሰው ዐሥሩ የእጅ ጣቶች በቂ መለኪያ ናቸው። ሰፋ ላለ ጥናት ኪው ኤል ኪው ሲ30 የተባለው የአውሮፓ መጠይቅ አለ፤ ከሠላሳ ጥያቄዎቹ ሦስቱ የማረፍ ፍላጎትን፣ የአቅም ማነስንና የመድከምን ስሜት ለየብቻ ይጠይቃሉ። የአማርኛ ትርጉሙም በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። በየዕለቱ ክሊኒክ ግን ከመጠይቅ ይልቅ የሥራ ጥያቄ ይሻላል። «ከቤትዎ እስከ ባጃጁ ድረስ ስንት ጊዜ ዐረፉ?» «በዚህ ሳምንት እንጀራውን የጋገረው ማን ነው?» እንዲህ ላለው ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም።

በዳርቻው ያሉ ሊታከሙ የሚችሉ መንስኤዎች

ከውጭ የተቀዱ መመሪያዎች ደም ማነስን፣ ሕመምን፣ የእንቅልፍ መዛባትን፣ የታይሮይድ ችግርንና ድብርትን አስቀድሞ መፈለግና ማከም ይገባል ይላሉ። ትክክል ነው፤ ለጣና ዳርቻ ግን ዝርዝሩ ያጥራል። በዚህ አካባቢ ወባ አለ። በሐይቁ ዳር በሚታጠቡ፣ ውኃ በሚቀዱና ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ የአንጀት ቢልሃርዚያ የቆየ ችግር ነው። የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ከሚታረስ እርጥብ መሬት ይገባል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የተነሣው የካላአዛር ወረርሽኝ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ረጅም ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ የዚህ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ የደም ካንሰር ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ደም ያሳጣሉ፣ አቅም ይነሣሉ፤ ሁሉም ደግሞ መድኃኒት አላቸው። ድካሙ ሁሉ «ከኬሞው ነው» ተብሎ ሲጠቃለል የሚጠፋው ይህ ዕድል ነው። አንድ የሰገራ ምርመራና አንድ የደም ጠብታ ለወባ ከማንኛውም ዘመናዊ የድካም መድኃኒት ይረክሳሉ።

ትኩሳት ሲታከል ነገሩ ይለወጣል። ነጭ የደም ሴል ዝቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት 38 ዲግሪ ላይ የሰነበተ ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ቢገኝበት እንኳ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የለበትም ማለት አይደለም። የወባው ውጤት አንቲባዮቲኩን ማዘግየት የለበትም። በጀልባ ወይም በእግር የሚመጣ ታካሚ ይህን ቀን ከወዲሁ ቆጥሮ ሊያውቀው ይገባል።

የሄሞግሎቢን ንባብ ራሱ በዚህ ከፍታ ላይ ክርክር አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ በ1,500 ሜትር 0.5፣ በ2,000 ሜትር 0.8 ግራም በዴሲ ሊትር ከተለካው ላይ እንዲቀነስ ይመክር ነበር። በዚህ ስሌት 12.3 የተነበበላት ሴት ከ12 በታች ትወርዳለች፤ ደም አንሷታል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሕዝብ ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። ከደጋ ለሚመጣ ሕመምተኛ የአንዲስ ተራሮችን ማስተካከያ እንዳለ መጫን እንግዲህ አጠያያቂ ነው። በተግባር የተሻለው መለኪያ ታካሚው ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት የነበረው የራሱ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በሁለት ግራም የወረደ ሰው ሠንጠረዡ ምንም ቢል ድካሙ ምክንያት አለው።

ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ

ለዘመናት የታመመ ሰው ይተኛ ሲባል ኖሯል፤ ሐኪሞችም ቤተሰብም በዚህ ይስማሙ ነበር። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ሙከራዎች ይህን ገለበጡት። ካረን ሙስቲያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 የ113 ጥናቶችንና የ11,525 ተሳታፊዎችን ውጤት ደምረው ሲመረምሩ፣ የአካል እንቅስቃሴ ድካምን በመቀነስ ረገድ 0.30 የውጤት መጠን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ 0.27፣ መድኃኒት ግን 0.09 ብቻ አስመዝግበዋል። ቁጥሮቹ መጠነኛ ናቸው፤ ተአምር የሚጠብቅ ያዝናል። ነገር ግን ገንዘብ የሚያስወጣው ከማያስወጣው ያነሰ ውጤት ማምጣቱ በመድኃኒት እጥረት ውስጥ ለሚሠራ ክፍል የሚናቅ ግኝት አይደለም።

ባሕር ዳር ለዚህ ምቹ ናት። ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ጥላ ያላቸው ጎዳናዎችና የሐይቅ ዳር መንገድ ያሏት ከተማ ናት። መጀመሪያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ዐምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትከር ወይም አመሻሽ ላይ፣ ሰው እያነጋገሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት መራመድ ይበቃል። ቀስ በቀስ በሳምንት ለአብዛኛው ቀን ወደ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ማድረስ ይቻላል። መድኃኒት በተወሰደባቸው የመጀመሪያ ሦስትና አራት ቀናት መቀነስ እንጂ ማቆም አያስፈልግም። ከተማዋ የብስክሌት ከተማ ብትሆንም፣ ፓክሊታክሰል እግሩን ያደነዘዘው ሰው ብስክሌት ባይነዳ ይመረጣል። ትኩሳት ያለበት፣ ፕላትሌቱ በጣም የወረደ፣ ወይም ካንሰሩ አጥንት ውስጥ የገባ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር አይጀምር። በጾም ወራት ብዙ ስግደት የሚሰግዱ ታካሚዎች መኖራቸውም ሊታወቅ ይገባል። ስግደት ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ነው፤ በእንቅስቃሴ መዝገብ ውስጥ ሊቆጠርም ይገባል፣ ራሱን ለሚያዞረው ሰው ደግሞ ሊቀነስ።

ሥራን ማከፋፈል

ከዘጌ የምትመጣ፣ በየ21 ቀኑ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የምትወስድ የ45 ዓመት እናት ብትታሰብ፣ የመመሪያዎቹ «ጉልበት ቆጣቢ» ምክር ለእርሷ ብዙ አይናገርም። ምክሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማብሰልን፣ ዕቃ በስልክ ማዘዝን ያስባል። የእርሷ ጉልበት የሚያልቀው በጀሪካን ውኃ፣ በምጣድ ጭስ፣ በእንጨት ለቀማ ነው። አንድሪያ ባርሰቪክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 በ396 ታካሚዎች ላይ የሞከሩት የጉልበት ቆጣቢነት ሥልጠና ያስገኘው ውጤት ትንሽ ነበር። እዚህ ግን ዘዴው ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል፤ አርሶ አደሩ ለአዝመራ የሚጠራው ደቦ፣ የመንደሩ እድርና ማኅበር ሥራን የመካፈል ልምድ ያላቸው ተቋማት ናቸውና። ችግሩ እርዳታ የሚመጣው ለአዝመራና ለለቅሶ መሆኑ ነው፤ በእግሯ ቆማ ለምትታይ ሕመምተኛ ደቦ አይጠራም። ባሏና ልጇ በተገኙበት አንድ ጊዜ የሚደረግ የሃያ ደቂቃ ውይይት፣ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ባለው ሳምንት ውኃና እንጀራ ከእርሷ እጅ እንዲወጡ ማድረግ ይችላል።

ሦስተኛው ሳምንት ይቀላል። ይህን ሳምንት ግን ብዙዎች ቀርተው የነበሩበትን ለቅሶ በመድረስና ተዝካር በመዋል ይጨርሱታል፤ በቀጠሮው ቀን ከመንገድ የመጡ ይመስላሉ። ለቅሶ መቅረት በዚህ ማኅበረሰብ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ቅሪ» ብሎ ማዘዝም ዋጋ የለውም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በስሟ እንዲደርስላት አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ጾም፣ ቡናና እንቅልፍ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች የሚጾሟቸው ቀናት ለምእመናን ወደ 180፣ ሁሉንም ለሚጾሙ እስከ 250 ይደርሳሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ ትሰጣለች፤ እስልምናም በረመዳን እንዲሁ። ብዙ ሕሙማን ግን በሕመማቸው ጊዜ ከፈጣሪ ጋር ያላቸውን ነገር ማላላት አይሹም፤ የሐኪም ቃልም ብቻውን አያሳምናቸውም። እዚህ ላይ የሚሰማው ቃል የንስሐ አባት ነው፤ ታካሚዋ ከመጀመሪያው ዑደት በፊት እንድታማክራቸው መጠየቅ በክብደት መቀነስ ከሚመጣው ድካም አስቀድሞ ይከላከላል። ፈቃዱን የማትቀበል ከሆነ ሰዓቱ ማለዳ ይሁንላት፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ኑግና ሱፍ በቀን ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይቅረቡላት።

ቡናን መከልከል ከንቱ ነው፤ በዘጌ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ሕመምተኛዋን ከጎረቤት ጋር የሚያገናኛት ያ ጀበና ነውና። ነገር ግን ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረት ማዕድን እንዳይሠርግ ያደርጋል፤ ከቀትር በኋላ ሲጠጣ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት አርቆ ከቀትር በፊት ማፍላት ይቻላል። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞንም ጠዋት ይወሰድ፤ ማታ የተዋጠ እንክብል ሌሊቱን ያስነጋል። ሲቆምም ለሁለት ቀን የሚከተል የአቅም መውደቅ እንዳለ ለታካሚው አስቀድሞ መንገር ፍርሃቱን ይቀንሳል።

ለድካሙ ብሎ መድኃኒት የማዘዝ ቦታ ጠባብ ነው። ዴክሳሜታዞን በቀን ሁለት ጊዜ 4 ሚሊ ግራም ለ14 ቀናት በገፋ ካንሰር ላይ ላሉ ሕሙማን እንደጠቀመ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ አሳይቷል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጡንቻን ያከሳል፣ ስኳርን ያወጣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሜቲልፌኒዴት የተባለው አነቃቂ የሰጠው ውጤት የተለያየ ነው። ደም እንዲመረት የሚገፋፋው ኤሪትሮፖየቲን ለመዳን በሚታከም ሰው ላይ ከጥቅሙ አደጋው ይበልጣል።

ለምርምር የሚሆን ሐሳብ

እነዚህ መንገዶች በባሕር ዳር ተቀናጅተው ሊፈተኑ ይችላሉ። አንደኛው የታካሚዎች ቡድን የተለመደውን ምክር፣ ሌላው የእግር ጉዞ ዕቅድ፣ የቤተሰብ ውይይትና የንስሐ አባት ወይም የኢማም ምክክር ቢያገኝ፣ የወባ፣ የጥገኛ ትልና የሄሞግሎቢን ምርመራ ግን ለሁለቱም እኩል ቢሰጥ፣ ልዩነቱ በአራት ዑደት ውስጥ ይታያል። ያንን ምርመራ ለማነጻጸሪያ ሲባል ከአንዱ ቡድን መከልከል በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አይቆምም። የሚለካውም የድካም ነጥብ ብቻ ባይሆን መልካም ነው፤ ቀጠሮው በተባለው ቀን መከበሩ ከሁሉ የጠራ ቁጥር ይሆናል። ነጥቡ በየማታው በስልክ ሲጠየቅ ስልኩን የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ባል ነው፤ «ደህና ናት» ብሎም ይመልሳል። መረጃ ሰብሳቢው ስልኩ ለታካሚዋ እስኪሰጥ መጠበቅ አለበት፤ መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነም በየመዝገቡ ላይ መስፈር ይገባዋል።